ለአርባው የታጨው ካሴት

ኤልያቄም፣

ደብረ ዘይት አጎቴ ዘንድ ሄጃለሁ፤ የምመለሰው እሑድ ማታ ነው። ቁልፉ የተለመደው ቦታ አለ።

አንድ ነገር ልንገርህ። አትጩህ ግን፤ ለመጮህ ዘፋኝህ ይበቃል።

ሽፋኑ ላይ አንዲት ነጫጭባ ሴት መቃብር ላይ የተጋደመችበት የሜታል ሙዚቃ ካሴትህ አለ አይደል፣ ጤነኛ ሰው የማይሰማው? አከራያችን እትዬ ሸዋረገድ የመጀመሪያውን ዘፈን መግቢያ በመስኮት ሰምተው አለቀሱ። ኦርጋኑ፣ ቫዮሊኑ፣ የዚያ ሁሉ ሰው ዝማሬ አንጀታቸውን በላው። «የፈረንጅ መዝሙር ነው?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ምን ልበል?

ነገ በባለቤታቸው አርባ፣ ድንኳኑ ውስጥ እንዲከፈትላቸው ይፈልጋሉ። ቄሶቹም እዚያው ናቸው።

ስለዚህ ነጠላህን ለብሰህ ቴፑ አጠገብ ቁም። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ያ ሰውዬ እንደሚታረድ በሬ ማጓራት ሳይጀምር አጥፋው። አንዴ ካጓራ፣ ጎፋን ሙሉ ብንዞር የሚያስጠጋን የለም።

አዲስ ባትሪ መሳቢያው ውስጥ አስቀምጬልሃለሁ፤ የድሮው አልቋል።

ማን ጨረሰው እንዳትለኝ። እትዬ መስኮቱ ሥር ቆመው ሲያለቅሱ አንተ ሥራ ላይ ነበርክ።

ሚሳኤል