ሦስት ቁራጭ ሲጋራ በተዘጋው ጓሳ

ሐሙስ

አጎቴ ጋሼ ደምሰው ሦስት ቁራጭ ሲጋራ በመሐረብ ቋጥረው መጡ።

"ሰውየውን እይዘዋለሁ! ሣሩ እንዲህ ደርቆ ቆሞ፣ አንድ ፍንጣሪ ብትወድቅስ?"

የመንደሩ የጋራ ሣር ምድር፣ ጓሳ፣ ከተዘጋ ሦስተኛ ዓመቱ ነው፤ እሳቸው የጥበቃው አለቃ ናቸው። እስኪከፈት ድረስ እንኳን እሳት ማጭድም አይገባም።

ሰውየው እኔ ነኝ።

ድንች መላጤን ቀጠልኩ። ሴት ታጨሳለች ብሎ የሚጠረጥር በዚህ አገር የለም። ካምፓስ ሁለተኛ ዓመት ላይ ጀመርኩ፣ ለፈተና ልነቃ ብዬ። አሁን በቀን አራት፣ ከትልቁ ድንጋይ ጀርባ።

የመምህርነት ፈተናው አሥራ ስምንት ቀን ቀረው። ዛሬም የማውቀው ቃል ጠፋኝ። ክሎሮፊል! አራት ዓመት ባዮሎጂ የተማርኩ ሰው!

ዓርብ

ዘመሮ ጤና ጣቢያ ሄድኩ፣ መድኃኒቴን ልወስድ። ከኤች አይ ቪ ጋር ነው የተወለድኩት። እናቴ ስትሞት ጋሼ ወሰዱኝ፤ በጠዋቱ የሬዲዮ ዜና ሰዓት ኪኒኔን እያስዋጡ አሳደጉኝ። ቫይረሱ በምርመራ መታየት ካቆመ ዓመታት አልፈዋል።

ሲስተር ዘነበች እንደ ወትሮዋ "ታጨሻለሽ?" አለች። እስክሪብቶዋ ቀድሞ "አይ" ላይ አርፏል።

"አዎ" አልኳት።

"ትቀልጃለሽ?"

"በቀን አራት።"

ስለ ቫይረሱ አንድም ነገር ደብቄያት አላውቅም። ሲጋራው ነው ያሳፈረኝ። ቃላት እንደሚጠፉኝም ነገርኳት።

መድኃኒቱ ቫይረሱን ቢያስተኛውም አንጎል ውስጥ ትንሽ መቆጣት ሊቀር ይችላል አለችኝ፤ ጭሱ ያንን ያባብሰዋል። "የምትረሺው በሱ ነው ብዬ ግን አልምልልሽም። ጭንቀትም ያስረሳል።"

"ካቆምኩ ይመለሳል?"

"ይጠቅምሻል። ምን ያህል እንደሆነ ቃል አልገባም።"

መንገዱን ሁሉ ተናደድኩ። በሷ አይደለም። ዕድሜ ልኬን ኪኒን ስውጥ የኖርኩት በገዛ እጄ እሳት ልጨምርበት ነው? አንጎሌ የኔ ነው። ለቫይረስም ለትምባሆም አላካፍልም!

ቅዳሜ

ያልተጨሰ፦ አራት። በጓን ያለ ጥፋቷ ሰደብኳት። አንድ ገጽ አራት ጊዜ አነበብኩ፣ አልገባም።

ከዚህ የባሰ፦ ጌቱን ጠረጠሩት። ቆስሎ ከውትድርና የተመለሰው ጎረቤታችን ነው፤ በመንደሩ በግልጽ የሚያጨስ እሱ ብቻ። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎች ፊት ይቆማል።

"እኔ የማጨሰው ደጄ ላይ ነው፣ አገር እያየኝ!" ሲል ሰማሁት። "መደበቅ ባውቅበት ኖሮ መቼ እቆስል ነበር!"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ጋሼ ብቻ አልሳቁም።

ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም። ክፋቱም እሱ ነው።

እሁድ

ሽማግሌዎቹ የጽድ ዛፉ ሥር ተቀምጠዋል። ጌቱ መሐል ቆሟል።

"ሰውየው እኔ ነኝ" አልኩ።

ማንም አላመነኝም። አንዱ አባት "ልጅቱ ለጌቱ ልቧ ደንግጦ ይሆናል" አሉ። እንዴት እንደተናደድኩ! ፓኮዬን አውጥቼ ፊታቸው አስቀመጥኩ። ጋሼ መሐረባቸውን ፈተው ቁራጮቹን አስተያዩ። አንድ ዓይነት።

"እኔ እኮ ርካሹን ነው የማጨሰው፤ ብትጠይቁኝ እነግራችሁ ነበር!" አለ ጌቱ።

ቤት ደረስን። ጋሼ፦ "በዜና ሰዓት ያን ሁሉ ዓመት ኪኒን ያስዋጥኩሽ ለዚህ ነው?"

ሲስተር ያለችኝን ነገርኳቸው፤ የሚጠፉኝን ቃላትም። ቁጣቸው ፊታቸው ላይ ወደ ፍርሃት ሲለወጥ አየሁ። ከቁጣው ይልቅ እሱ አመመኝ።

"ካቆምኩ ሁለተኛ ቀኔ ነው፣ ጋሼ። እርስዎ ባይዙኝም አቁሜያለሁ።"

"እናያለን። አንቺም ተዘግተሻል።"

"መቼ እከፈታለሁ?"

"ሣሩን ጠይቂው።"

የሽማግሌዎቹ ቅጣት፦ እስከ ፈተናው ድረስ ጠዋት ጠዋት ከጠባቂዎቹ ጋር ሣሩን መዞር። አለቅሳለሁ ብለው ነበር መሰለኝ። ደብተሬን ይዤ ነው የምዞረው! የሲጋራ ሽታ ካለ ከማንም ቀድሜ አሸተዋለሁ።

ያልተጨሰ፦ አራት። ክሎሮፊልን ሳላይ ጻፍኩ። የሌላኛው ስም ግን፣ ያ ለሴሉ ኃይል የሚያመነጨው፣ ከጠዋት ጀምሮ አልመጣም። ደብተሩን አልገልጥም ብያለሁ።

ቆይ።

ሚቶኮንድሪያ።