በአሮጊቷ ጉሮሮ ውስጥ የነበረው ቀለበት

ሚያዝያ 9፣ ከሰዓት በኋላ

ይድረስ ለልጄ ለፍንጭቷ አባት፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ ማለት ልማድ ሆኖብኝ ነው እንጂ ደህና አይደለሁም። ስልኬን እንደማታነሳ ስለማውቅ ይህን በአውቶቡስ ሾፌሩ እጅ ልኬልሃለሁ። በእህትህ በኩል እንዳልልከው፣ እሷ እንደሆነች «ማሽኑ ተበላሸ» ብላት አንተ ጋ ሲደርስ «አግብታለች» ይሆናል። ስትናደድ ግማሹን አንብበህ እንደምትወረውር አውቃለሁ። ዛሬን ብቻ እስከ መጨረሻው አንብብልኝ።

አይስክሬም ቤቱን ዘግቻለሁ። አሮጊቷም ሆዷ ተዘርግፎ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ይህን ስም ለአይስክሬም ማሽኗ ያወጣህላት አንተ ነህ፤ አሁን ብታያት ታዝንላት ነበር።

ነገሩ የጀመረው በጎረቤታችን በልብስ ሰፊው ነው። አንድ ቀን ወገቡን ይዞ መጣና «እትዬ፣ ያንቺ አይስክሬም እኮ እንዴት እንዳስሮጠኝ! ውድድር ላይ ብመዘገብ ኖሮ ሜዳሊያዬን ይዤ እመጣ ነበር» አለኝ። እኔም «በባዶ ሆድህ ሦስቱን ልሰህ ማንን ልትከስ ነው?» ብዬ ሳቅኩበት። ቆይቶ እናቱም ታመው ተኙ። ከዚያ የትምህርት ቤት ልጆች ተከተሉ። ያኔ ሳቄ ቆመ።

እንቁላሉ ነው አልኩ። ክሬሙ ጥሬ እንቁላል ይገባበት የለ? እንቁላል ሻጩን ተጣልቼ ቀየርኩት፣ ወተቱንም ቀየርኩ። አሮጊቷን እጄ እስኪላጥ በፈላ ውሃና በበረኪና አጠብኳት። ከፈትኩ። ለጥቂት ቀን ምንም የለም፣ እፎይ አልኩ። ከዚያ እንደገና ጀመረ። እንቁላሉ ሌላ፣ ወተቱ ሌላ፣ በሽታው ግን ያው የድሮው።

የንጽህና ተቆጣጣሪዋ የመጣችው ይሄኔ ነው። ትንሽዬ ልጅ ናት፣ ግን እጇን በማሽኑ ጉሮሮ እስከ ክርኗ ሰደደችና ክሬሙ እንዳይንጠባጠብ የሚገጠመውን ያን ቀለበት መዝዛ አወጣችው። የትኛውን እንደሆነ ገብቶሃል። የፋብሪካው ተሰንጥቆ ሌላ ሲጠፋ ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቆርጠህ የሠራህልኝን፣ ስትገጥመው «ከእንግዲህ እኔን ትረሺ ይሆናል እንጂ ይሄ ቀለበት አይከዳሽም» ያልከኝን።

ቆሻሻ አይመስልም። ቀንድ አውጣ ያለፈበት ይመስል የሚያብረቀርቅ ነገር ለብሷል። አሸተትኩት፤ ቫኒላ ቫኒላ ይላል። ያስፈራኝ ይሄው ነው።

«ሳልሞኔላ የሚባል ተህዋስ ነው፣ ከታመሙት ሰዎች በተወሰደ ናሙና በላቦራቶሪ ተረጋግጧል» አለችኝ። «ተበትኖ ሲገኝ በረኪናው ይገድለዋል። እዚህ ግን ተሰብስቦ፣ ከራሱ የሚወጣ ሙጫ ለብሶ ሰፈር መሥርቷል። ባዮፊልም እንለዋለን። የላዩን ታጥቢዋለሽ፣ የሥሩ ይተርፋል። ላስቲኩ ደግሞ ስንጥቅጥቅ ያለ ነው፣ መደበቂያ ሞልቶታል። ክሬሙ ባለፈ ቁጥር ትንሽ እየተቀረፈ አብሮ ይወርዳል።»

«ታዲያ እኔ ስፈትግ የከረምኩት ምኑን ነው?»

«ላዩን ስታሳምሪለት ነበራ።»

የልብስ ሰፊው እናት እስካሁን ሆስፒታል ናቸው። እሱም በደጄ ሲያልፍ አንገቱን ደፍቶ ነው።

ተቆጣጣሪዋ «ቀለበቱን ማን ሠራው?» ስትለኝ «ከገበያ ገዝቼው ነው» አልኳት። ለምን እንዲህ እንዳልኩ አትጠይቀኝ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ከተለያየን ወዲህ እዚያ ከተማ «የማሽን ሐኪም» እንደተባልክ ሰምቻለሁ። አይስክሬም ቤቱም ወተት ቤቱም አንተን ነው የሚጠራው፣ አንተም ያንኑ የጎማ ቀለበት ትገጥምላቸዋለህ አሉ። እውነቴን ነው፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ትናንት ግን እህትህ ደውላ «ፍንጭቷን ትንሽ ሆዷን አሟታል፣ ትኩሳት ቢጤም አላት፣ አባቷ ሙቀቱ ነው ብሏል» አለችኝ። ቀጥላም እየሳቀች «ምን አለባት፣ አባቷ ማሽን ባበጀበት ቤት ከትምህርት ቤት ስትመለስ በነፃ ስትልስ ነው የምትውል!» አለች። ሐኪም ቤት ውሰዱልኝ ብዬ ብለምናት «አንቺ ደግሞ ነገር ማጋነን!» ብላ ዘጋችብኝ።

ሙቀት አይደለም፣ የኔ ወንድም። ይህን እንዳነበብክ ልጄን አቅፈህ ሐኪም ቤት ውሰዳት። ፈሳሽ አስጠጣት፣ እንቢ ብትል በማንኪያ። ሐኪሙ «ምን በላች?» ሲልህ ስሜ ይጠፋል ብለህ «የቤት ምግብ ብቻ» እንዳትል። አውቅሃለሁ። ሁሉንም ንገረው። ከዚያ በየቤቱ ዙርና ቀለበቶችህን በገዛ እጅህ አውጣቸው። አጥበህ አትመልሳቸው፣ ቀቅለህም አትመልሳቸው። «የኔ ንጹሕ ነው» አትበል። የኔም ንጹሕ ይመስል ነበር።

ሰኞ ተቆጣጣሪዋ ትመለሳለች። ሁለተኛ አልዋሻትም። ከእኔ አፍ ከሚወጣ አንተ ቀድመህ ተናገር። እኔ ራሴ ልመጣ ነበር፣ ግን የኔም የምርመራ ውጤት እስኪደርስ ከዚህ እንዳልርቅ ተነግሮኛል። ለምን እንደመረመሩኝ አትጠይቀኝ፤ ትንሽ ደክሞኛል፣ ሌላ ምንም የለም።

የሠራህባቸውን እጆች አምላክ ይባርክልህ፤ ያበጀኸውን መልሰህ የምታፈርስበት ብርታትም ይስጥህ። ፍንጭቷን በሁለቱም ጉንጯ ሳምልኝ። ጥርሷ ወጣ?

የልጅህ እናት

ሾፌሩ ሞተር አስነስቶ እየጠበቀኝ ነው። እህትህ እየደወለች ነው። ተቋረጠ። ደግማ ደወለች። ያቺ ሴት የስልኳን ሂሳብ እንዳትጨርስ ብላ ደግማ ደውላ አታውቅም። ፍንጭቷን ምን አግኝቷት ይሆን? መጀመሪያ ይህን ልስጠው፣ ከዚያ አነሳዋለሁ።