የእማዬ ሳተላይትና የአለቃዋ ጣት

ጥቅምት 3
አባዬ የብረት ሜትሩን ሲፈልግ ዋለ። ማን ይንገረው? እማዬ ቆርጣ የሳተላይቷ አንቴና አድርጋዋለች... "ርካሽ ሳተላይት ነው የምንሠራው" እያለች ትኮራለች። ከአባዬ ዕቃ ሳጥን እየተወሰደ ምን የማይረክስ ነገር አለ?

ጥቅምት 9
እማዬ እራት አልበላችም። ሐሙስ ሳተላይቷን ወደ ሰማይ የሚወስደው ሮኬት ሰዎች ሊያዩአት ይመጣሉ። ሳተላይቷ በሬዲዮ ድምፅ ካላሰማች ሮኬቱ ላይ ያላት ቦታ ለሌላ ይሰጣል፣ እማዬ የምትሠራበት ወርክሾፕም ይዘጋል፣ እማዬም ወደ ድሮ ሊፍት ጥገናዋ። አሥራ አንድ ዓመት ሳተላይት ሠርታ አንድም ነገር ወደ ላይ አልወጣላትም... ከሊፍት በስተቀር። (ይህን ጮክ ብዬ አልተናገርኩም። ነፍሴን እወዳታለሁ።)

ጥቅምት 12፣ ሐሙስ
ግማሽ ቀን ነው የተማርነው። ወርክሾፕ ሄጄ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ።

እማዬ ሳተላይቷን አበራቻት። ዝም። ሃያ ደቂቃ... ዝም። አለቃዋ (እኔ "ጋሽ ቶሎ" ነው የምለው) "ሞታለች! አጥፍተሽ አብሪያት!" አጠፋች፣ አበራች። ዝም። እንደገና ሃያ አምስት ደቂቃ ሲሞላ ጋሽ ቶሎ ራሱ ተነሥቶ በዚያ ወፍራም ጣቱ አጠፋት፣ አበራት። እንግዶቹ ሰዓታቸውን ማየት ጀመሩ። የእማዬ ፊት አመድ መሰለ።

ድንገት ግንባሯን መታች። "ወይ ጉዴ! እኔው ነኝ ዝም ያሰኘኋት!"

ለካ ሕግ አለ። ሳተላይት ከሮኬቱ ተለቅቃ ስትበራ መጀመሪያ ሠላሳ ደቂቃ አፏን መዝጋት አለባት። ወርክሾፕ ውስጥ ግን ጊዜ እንዳይባክን ያንን የዝምታ ትእዛዝ ከኮምፒውተሯ ላይ አንሥተው ነበር የሚሞክሯት። ትናንት መልሳ አስገባችው... ረሳችው! ባጠፏት ቁጥር የሠላሳ ደቂቃው ቆጠራ እንደ አዲስ ይጀምራል!

"ጋሼ፣ እባክዎ እጅዎን ኪስዎ ውስጥ ይክተቱ።"
"ለስንት ደቂቃ?"
"ለሠላሳ።"
"ሠላሳ?! ኧረ በፈጣሪ!"

ሽማግሌው እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ሲንቆራጠጥ... በሕይወቴ እንዲህ ተዝናንቼ አላውቅም። ልክ ሠላሳ ሲሞላ፦ ጢጥ።

እማዬ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። ትንሽ ብቻ።

ሚያዝያ 21
ሳተላይቷ ወደ ሰማይ ከወጣች ሳምንቷ። ትምህርት ቤት ፎርም ሰጡን። "የእናት ሥራ" የሚለው ላይ "ሳተላይት ትሠራለች" ብዬ ጻፍኩ። አስተማሪዋ በቀይ፦ "ቀልድ ይቅር! ወላጅ ይፈርም።"

አምና "መካኒክ በይ፣ ጥያቄ አይበዛብሽም" ያለችኝ እማዬ እስክሪብቶዬን ነጠቀችኝ። ፈረመችና ከሥሩ ጻፈች፦ "ሳተላይቴ ነገ ጠዋት አራት ሰዓት ከአሥር ላይ በክፍላችሁ አናት ታልፋለች። ሰላም በሉልኝ።"