የወንድሜ አፍንጫ

ጥር 6

ወንድሜ ዛሬ ወደ ሥራ ተመለሰ። ያ ክፉ ጉንፋን ከአልጋ ጋር አጣብቆት ከርሞ። ከስቷል። ሱሪው በቀበቶ ብቻ ነው የቆመው።

"እትዬ፣ ቤቱን አላቃጠላችሁትም?" አለ ሲገባ። የብረት ጋኖቹን እየዞረ በመዳፉ መታ መታ አደረጋቸው፣ ከብት እንደሚመታ። ከዚያ የሦስተኛውን ጋን ቢራ እንቅመስ አለ።

እንደ ወትሮው ሦስታችን ቆምን፤ እሱ፣ እኔና በርሜል የሚያደርሰው ሾፌራችን። ሕጉ የእሱ ነው። ጠማቂው ሳይናገር ማንም አይናገርም። "አፍ አፍን ያበላሻል" ይላል። አንዱ ሙዝ ይሸታል ካለ ሁሉም ሙዝ ይሸተዋል። እውነቱን ነው፤ አይቻለሁ።

አሸተተ። ጠጣ። ቆየ… "ደርሷል" አለ።

ለእኔ ግን ቅቤ ቅቤ አለኝ። ከተዋጠ በኋላ ምላስ ላይ የሚቀር፣ የሚያዳልጥ ነገር። ሾፌሩን አየሁት። ጫማውን ያያል። ግን ወንድሜ ደርሷል ካለ ደርሷል። የዚህ አካባቢ ጠማቂ ሁሉ ሲቸግረው ብርጭቆ ይዞ የሚመጣው እሱ ጋ ነው። እኔ ጋን አጥባለሁ፣ በርሜል እሞላለሁ። ምላሴ ይሆናል። ጠዋት የበላሁት ነገር ይሆናል።

በርሜሎቹን ሞላን።

ጥር 11

በርሜል ሳጥብ ዋልኩ። ወገቤ። ሌላ ወሬ የለም።

ጥር 14

መላጣው በርሜል ይዞ መጣ። ባዶ መስሎኝ ልቀበለው ስል ከበደኝ። የማዕዘኑ ቡና ቤት ባለቤት ነው፣ የመጀመሪያ ደንበኛችን። ቢራ መልሶ አያውቅም።

"ቢራችሁ አፈ ቅቤ ሆኗል" አለ። "ልቡ ጩቤ እንዳይሆን ብዬ መለስኩት። አንዱ ጠጪ ምን አለኝ መሰላችሁ? ዳቦ አምጣና ልቀባው!"

ሾፌሩ ሳቀ። ወንድሜ አልሳቀም።

"ቧንቧህን እጠብ" አለው።

"ቧንቧዬን አንተ ጥርስህን ከምታጥበው የበለጠ አጥበዋለሁ።"

"እንግዲያው ምላስህን እጠብ።"

መላጣው በርሜሉን እዚያው ትቶ ወጣ።

ቧንቧ ሲቆሽሽ እንዲህ ያለ ጣዕም ያመጣል፣ እውነት ነው። ግን እንዲያ ይባላል?

ጥር 15

ብሩሽና ማጠቢያዬን ይዤ መላጣው ቤት ሄድኩ። ቧንቧውን ፈታሁት። ንጹሕ። ቢሆንም አጠብኩት። ከሦስተኛው ጋን የተሞላ ሌላ በርሜል ገጠምን፣ አንድ አንድ ብርጭቆ ቀዳ።

"እህስ?"

ቅቤ።

"ቧንቧው ነበር" አልኩት። ለምን እንዳልኩ እንጃ።

መላጣው ራሱን አሻሸ። "እሺ… ላንቺ ስል ቧንቧው ነው።"

ጥፋቱ የእኛ ነው። እርሾው ሥራውን ሳይጨርስ ቢራው ቀድሞ ቀዝቅዟል። ሙቀት ሰጥቶ ትንሽ መታገሥ ነበር፣ ቅቤውን እርሾው ራሱ ይበላው ነበር። ይህን ያስተማረኝ ማን ሆነና? እሱ። ታዲያ እንዴት አልሸተተውም?

ጥር 19

ቀውላላው ሊዘጋ ነው። ከድልድዩ ማዶ ያለው ጠማቂ፤ ከወንድሜ ጋር ሙያውን አብረው ነው የጀመሩት፣ በአንድ ድስት። በራችን ስለሚያጥረው ጎንበስ ብሎ ገባ፣ ከገባም በኋላ ቀና አላለም።

"ጋን የሚፈልግ ካወቃችሁ… የእኔ ሥራ ፈተው ቆመዋል።"

"ምን ነካህ አንተ?" አለው ወንድሜ።

"ምንም። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ሰፈሩን ሞሉት። እኔን የሚጠጣኝ ጠፋ።"

የመጨረሻ ጠመቃው ጋን ውስጥ ነው። በሚመጣው ወር ጠማቂዎቹ ሲሰበሰቡ ይዞት ሊመጣ ነው።

"ያኔ ትቀምሰኛለህ" አለው።

"ካንተ ላይ ምን ይቀመሳል? አጥንት ብቻ።"

ሳቁ። ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው። ሲወጣ በሩ ግንባሩን መታው፣ እንደ ሁልጊዜው።

ጥር 24



ጥንስሱን የምናፈላበት ክፍል ስገባ የጋዝ ሽታ ፊቴን መታኝ። ወንድሜ ምድጃው ሥር ተንበርክኳል። እጁ ላይ ክብሪት።

"ጣለው!"

"ምኑን?"

ከእጁ መትቼ አስጣልኩት። ቫልቩን ዘጋሁ፣ በሩንም መስኮቱንም በረገድኩ። ክንዱን ይዤ አወጣሁት። ደረጃው ላይ ተቀመጥን።

"አልሸተተህም?"

ራሱን በአሉታ ወዘወዘ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከጉንፋኑ።"

"ምንም?"

"ሳሙና፣ ናፍጣ፣ የራሴ ብብት… ምንም። ጨው ጨው ይለኛል፣ መራራው ይመረኛል። ሌላው ሁሉ ውሃ ነው።"

ሐኪም ጋ ሄዷል፣ ተደብቆ። "ለአንዳንዱ ይመለሳል አለኝ።"

"ለሌላውስ?"

"አልጠየቅኩትም።"

"ሚስትህ ታውቃለች?"

"ምግቧን ሳመሰግን ደስ ይላታል። ምን ብዬ ልንገራት?"

ያን ቀን ደርሷል ያልከው ምን አይተህ ነው አልኩት። ፊቴን አይቶ ነው። "ፊትሽ ምንም አላለማ" አለ። የእኔ ፊት መቼ ምን ብሎ ያውቃል!

"ለማንም እንዳትተነፍሺ፣ እትዬ። አፍንጫ የሌለው ጠማቂ እግር የሌለው ፖስተኛ ነው።"

የካቲት 2

እንዲህ እያደረግን ነው። ጠዋት ሾፌሩ ሳይመጣ ብቻዬን እቀምሳለሁ። በጆሮው እነግረዋለሁ። ኋላ ሦስታችን ስንቆም ያሸታል፣ ይጠጣል፣ ይቆያል፣ እኔ ያልኩትን ይላል። ሾፌሩ ራሱን ይነቀንቃል።

የሁለተኛው ጋን ቢራ አምሯል። መላጣው ወሰደ። "ቅቤውም ጩቤውም ጠፋ!" ብሎ ላከብን።

ወንድሜ ግን ሲቆይ ያ መቆየቱ… ምን እያሸተተ ነው የሚቆየው?

የካቲት 8

ስብሰባው ደረሰ። እያንዳንዱ ጠማቂ አንድ በርሜል ያመጣል፣ ብርጭቆው የማን እንደሆነ ሳይነገር ሦስት ሰው ይቀምሳል። ዋናው ቀማሽ ወንድሜ ነው። እሱ ሳይናገር የቀሩት አይናገሩም። ሕጉን ከእሱ ነው የወሰዱት።

"አሞኛል በልና ቅር" አልኩት።

"ከቀረሁ ይነቁብኛል። አንቺ ከኋላዬ ቁሚ፣ ሽታው ይደርስሻል። መጥፎ ሲሆን ጉሮሮሽን ጥረጊ።"

"እዚያ አዳራሽ ጉሮሮውን የማይጠርግ ማን አለ?"

"እንግዲያው አስነጥሺ።"

"አይሆንም። እዚህ የራሳችን ቢራ ነው። እዚያ የሰው ነው።"

በሩን ወርውሮት ወጣ። ምሳም ለየብቻ በላን።

የካቲት 12

ሄደ። እኔም ሄድኩ፣ ግን ከኋላው አልቆምኩም። ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ።

አዳራሹ ሞልቷል። የመጀመሪያዎቹን አራት ብርጭቆዎች አለፋቸው። "ጥሩ ነው።" "ንጹሕ ነው።" "እጁ የበሰለ ሰው ነው ይሄ።" ሰዉ ያጨበጭባል። ደህና ነው፣ በዚሁ ያልቃል አልኩ።

አምስተኛውን አነሳ። አሸተተ። ጠጣ። ከወትሮው ይበልጥ ቆየ።

"ቅቤ ቅቤ ይላል" አለ። "ቸኩሏል።"

ጎኑ ያለው ቀማሽ ደግሞ ጎንጨት አደረገ። "አዎ… ከኋላ ይመጣል።" ሦስተኛውም ነቀነቀ። ለሕዝቡ ከዚያው በርሜል ታደለ፤ ሁሉም ከንፈሩን እየላሰ አዎ፣ አዎ ይባባላል። እኔም ደረሰኝ። ጠጣሁ። ንጹሕ። ደረቅ ያለ፣ መጨረሻው ላይ ልከኛ ምሬት። በአካባቢዬ ያለው ሁሉ ቅቤ ቅቤ ሲል ለአፍታ የሸተተኝ መሰለኝ። ደግሜ ጠጣሁ። የለም።

"የማን ነው?" ተባለ።

ከኋላ ወንበር አንድ ራስ ወደ ላይ ወጣ፣ ወጣ፣ ወጣ። ቀውላላው።

ወንድሜ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

"የእኔ ነው" አለ ቀውላላው። "እንግዲህ… አንተ ካልክ ነው።" ተቀመጠ።

ሁለት እርምጃ ብራመድ ማይክሮፎኑ ጋ እደርስ ነበር። አልተራመድኩም።

የካቲት 13

ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ አድሬ ጠዋት ነገርኩት። የጎማ ቱቦ እየጠቀለለ ነበር።

"የቀውላላው ቢራ ንጹሕ ነበር።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ነኝ።"

ቱቦው ከእጁ ተፈታ። "ሁሉንም ጥሩ ነው ካልኩ ሊነቁብኝ ነው። አንዱን መጥፎ ማለት ነበረብኝ።" ቱቦውን ሊያነሳ ጎንበስ አለ። "የእሱ መሆኑን አላወቅኩም።"

"የሌላ ሰው ቢሆንስ?"

ኮቱን አነሳ። አብሬው ሄድኩ። በእግር፣ በድልድዩ።

የቀውላላው ግቢ ርጥብ ነበር። ከቦዩ አረፋ ይንሸራተታል። የቢራው ሽታ ከበሩ ጀምሮ ተቀበለኝ። ወንድሜ ግን አረፋውን እስኪያይ ድረስ አልገባውም። ባዶ ጋን አጠገብ ሲደርስ ቆመ።

"ምን አደረግከው?"

"ደፋሁት" አለ ቀውላላው። በመጥረጊያ ወለሉን ይገፋል። "በመጨረሻዬ ለሰው የተበላሸ ነገር አጠጥቼ አልዘጋም።"

"አልተበላሸም" አለ ወንድሜ። "አይሸተኝም። ከታመምኩ ጀምሮ ምንም አይሸተኝም። ዝም ብዬ ነው የተናገርኩት።"

መጥረጊያው ቆመ። ሊመታው መሰለኝ። ቢመታው ይሻል ነበር።

"ቀምሼው ነበር እኮ" አለ ቀውላላው፣ ለእኔ። "ደጋግሜ። ማታም ከስብሰባው ተመልሼ ቀምሼዋለሁ። ለእኔ ጥሩ ነበር።"

"ታዲያ ለምን ደፋኸው?"

"እሱ አለዋ።"

ወንድሜ መጥረጊያውን ሊቀበለው እጁን ዘረጋ። አልሰጠውም።

"በሉ ሂዱ" አለን። "ተጠንቀቁ፣ ወለሉ ያዳልጣል።"

የካቲት 14

ሥራ አልገባም። ሚስቱ ደወለችልኝ፤ ነግሯታል። "ድሮም እንዲህ አያመሰግነኝም ነበር" አለች። ልትስቅ ፈልጋ አልቻለችም።

የካቲት 17

እሑድ። ጠማቂዎቹ መላጣው ቤት ይሰበሰባሉ። ወንድሜ ሄዶ በመካከላቸው ቆሞ ተናገረ። ቁጭ ሳይል። የቀውላላው ቢራ ደህና እንደነበር፣ እሱ እንደዋሸ፣ ከእንግዲህ ማንም ብርጭቆ ይዞበት እንዳይመጣ።

"ለእኔም ቅቤ ሸቶኝ ነበር እኮ" አለ አንዱ ቀስ ብሎ፣ እንደተቀማ ሰው።

መላጣው ብቻ፣ "ነግሬህ ምላስህን እጠብ አልከኝ" አለው። ቀጥሎ ብርጭቆ ሞልቶ ሰጠው። ወንድሜ ጠጣ። ጥሩ ነው አላለም።

ቀውላላው አልመጣም ነበር።

የካቲት 25

አፍንጫው… ምንም። አልጠይቀውም። ሲመለስ ራሱ ይነግረኛል።

መጋቢት 9

የቀውላላው ጋኖች ተሸጡ። በከባድ መኪና በበራችን ፊት ሲያልፉ ወንድሜ ወጥቶ ቆሞ አየ፣ እስኪታጠፉ ድረስ። ቀውላላውን ራሱን ትናንት መንገድ ላይ አግኝቼው ነበር። እኔን ደህና ነሽ ወይ አለኝ። ስለ ወንድሜ አልጠየቀም። እኔም አላነሳሁም።

ከሰዓት በኋላ አዲሱን ጥቁር ቢራ ቀመስን፣ እኔና ሾፌሩ። ወንድሜ ብርጭቆ አልያዘም። ባልዲ ገልብጦ ከፊቴ ተቀመጠ።

"ምን ይላል?"

"ጥሩ ነው… አይደለም። እንጃ። እኔ የአንተን ያህል ቃል የለኝም።"

"ቃል አይደለም የጠየቅኩሽ። ምን ይመስላል?"

"ዳቦ።"

"ምን ዓይነት ዳቦ?"

"ያረረ።"

"ከላይ ነው ከሥር?"

ደግሜ ጠጣሁ። ሾፌሩ "ከሥር" አለ፣ ሳይጠየቅ። ልክ ነው፣ ከሥር። ምድጃ ላይ ተረስቶ ታቹ የያዘ ዳቦ።

ወንድሜ ተነስቶ ጥንስሱ ወደሚፈላበት ጋን ሄደ። ክዳኑን ከፍቶ ክንዱን እስከ ትከሻው ሰደደ፣ ታቹን ፋቀ። ሲያወጣው ጣቱ ላይ ጥቁር ነገር ተጣብቋል። ወደ አፍንጫው አስጠጋው። አቆየው።

ከዚያ ጣቱን ወደ እኔ አዞረ።

"እሱ ነው?"

አሸተትኩት።

"እሱ ነው" አልኩ።