ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ተራራው ይወጡ የነበሩት የጋሽ ዝምታ የሕይወት ታሪክ

ሁላችንም «ጋሽ ዝምታ» እያልን የምንጠራቸው ወንድማችን ከጭነት መኪና ሹፌር አባታቸውና ከአዋላጅ ነርስ እናታቸው በ1944 ዓ.ም. በቆላ ከተማ ተወለዱ። ለቤቱ የበኩር ልጅ ነበሩ። እናታቸው «ይሄ ልጅ ሲወለድም አላለቀሰም፤ መትተን ነው ያስለቀስነው» እያሉ ያወጉ ነበር።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው ሰፈራቸው ጨርሰው፣ በ1964 ዓ.ም. ከቴክኒክ ትምህርት ቤት በኤሌክትሪክ ሙያ ተመረቁ። ወዲያውም በሊፍት ጥገና ሥራ ተቀጥረው እስከ ጡረታቸው ድረስ በዚሁ አገለገሉ። ሊፍት ውስጥ የተዘጋበት ሰው ሲጮህ፣ እሳቸው ከላይ ሆነው ገመዱን እየፈተሹ አንዲት ቃል አይተነፍሱም። አንዲት ሴትዮ ከውስጥ «ኧረ ሰው አለ? ወይስ ሊፍቱ ራሱን እየጠገነ ነው?» ብለው ተጣሩ ይባላል። ቅጽል ስማቸው የወጣው ከዚያ ወዲህ ነው።

በ1970 ዓ.ም. ሊፍቱን ሊጠግኑ በሄዱበት ሆቴል እንግዳ ተቀባይ የነበሩትን ወይዘሮ አግብተው፣ ዛሬ ፋርማሲስት የሆነች ሴት ልጅና መምህር የሆነ ወንድ ልጅ አፈሩ። ወይዘሮዋ ጨዋታ አዋቂ፣ ሳቂታ ናቸው። ጋሽ ዝምታ ግን ከሥራ ይገባሉ፣ ራታቸውን ይበላሉ፣ ሬዲዮ ከፍተው ጋደም ይላሉ። ወይዘሮዋ «እኔ የተጋባሁት ከግድግዳ ጋር ነው፤ ግድግዳስ ቢያንስ ያስተጋባል» ይሉ ነበር። ልጆቹ ካደጉ በኋላ፣ በ1991 ዓ.ም. ፍርድ ቤት ቀረቡ። ዳኛው «ምን በደሉዎት?» ብለው ቢጠይቁ፣ ወይዘሮዋ «ምንም። ክፉም ደግም አይናገረኝም» አሉ። ጋሽ ዝምታም መልስ እንዲሰጡ ሲጠየቁ፣ ዝም አሉ። ፍቺው ጸደቀ።

ወይዘሮዋ ሀብታሞች ለማረፍ ወደሚወጡባት ቀዝቃዛ የተራራ ከተማ፣ ከጎልፍ ሜዳ አጠገብ ወዳለው የሆቴሉ ቅርንጫፍ ተዛወሩ። እንግዳ ሲቀንስ ሠራተኞችም መጫወት ይፈቀድላቸው ስለነበር፣ ጎልፉን ለመዱት። በ1994 ዓ.ም. የዚያ ሆቴል ሊፍት ተበላሸና ጋሽ ዝምታ ተላኩ። ሥራቸውን ጨርሰው በጓሮ በር ብቅ ሲሉ፣ የቀድሞ ባለቤታቸው ሹራብ ለብሰው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ በጉም ውስጥ ኳስ ይፈልጋሉ። ወይዘሮዋ ከሰላምታ በፊት «እንደ ምሰሶ ከምትገተር ኳሷን ፈልግልኝ!» አሏቸው።

ፈለጉላቸው። ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ ሲያጎነብሱ፣ ምን እንደነካቸው ለራሳቸውም ሳይገባቸው ማውራት ጀመሩ። በልጅነታቸው ከአባታቸው ጋር በጭነት መኪና ስለሄዱበት መንገድ፣ ገመድ ቢበጠስስ እያሉ ስለሚፈሩት ፍርሃት አወሩ። ኳሷ ተገኘች፤ ወሬው ግን አላለቀም።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር በማለዳው አውቶቡስ ወደ ተራራው ይወጡ ጀመር። የጎልፍ ጨዋታቸው ነገር አይነሳ፤ ኳሳቸው ወደ ቀኝ እንጂ ወደ ጉድጓዱ መሄድ አታውቅም። አንደበታቸው ግን ተፈታ። ሲመሽ ተሰነባብተው ወደ ቆላው ይወርዳሉ፣ እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ድረስም ዝም ይላሉ።

ልጆቻቸው ግራ ተጋቡ። ሴቷ ልጃቸው «አባዬ፣ ታረቃችሁ ወይስ አልታረቃችሁም?» ብላ ብትጠይቅ፣ «እኔም ግራ ገብቶኛል፤ እስቲ እናትሽን ጠይቂያት» አሏት። እናትየው ደግሞ «ማን ተጣላና ነው የሚታረቀው? ኳስ ነው የምንመታው» አሉ። አንድ ቅዳሜ ጋሽ ዝምታ ድፍረቱን አግኝተው «ለምን እንደ ድሮው አንድ ቤት አንገባም?» ቢሏቸው፣ ወይዘሮዋ ኳሷን ከፊታቸው አስቀምጠው «ቤት ስትገባ ዝም ትላለህ። እዚህ ይሻለናል፤ በል ምታ» ብለው መለሱ። ጋሽ ዝምታ ማታ እቤት ሲደርሱ አብራቸው ለምትኖረው ታናሽ እህታቸው «እሺ ትበለኝ እምቢ ትበለኝ አላወቅሁም» አሏት። እሷም ይኸው እስከ ዛሬ አላወቀችም።

በ2013 ዓ.ም. የልብ ሕመም ጸናባቸውና ሐኪሙ ወደ ከፍታ ቦታ እንዳይወጡ ከለከላቸው። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት ኮታቸውን ለብሰው መስኮት አጠገብ ተቀምጠው ዋሉ። በሚቀጥለው ቅዳሜ በሩ ተንኳኳ። ወይዘሮዋ አንድ ዱላና ሁለት ኳስ ይዘው ከተራራው ወርደዋል። ሳሎኑ ምንጣፍ ላይ በጉድጓዱ ፋንታ ብርጭቆ አጋደሙና ጨዋታው ቀጠለ። ከሰዓት በኋላ፣ ጓዳ የነበረችው እህታቸው ያላቋረጠ የወንድ ድምፅ ሰማች። ሬዲዮው መስሏት ልትቀንሰው ብትገባ፣ ሬዲዮው ዝግ ነው። የሚያወሩት ጋሽ ዝምታ ናቸው፤ በገዛ ቤታቸው። ወይዘሮዋ ብርጭቆውን እንደያዙ፣ ይሳቁ ያልቅሱ ሳይለይላቸው ያዳምጣሉ።

እንዲህ እያሉ ሁለት ዓመት ያህል በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ሰኔ 11 ቀን 2015 ዓ.ም. በተወለዱ በ71 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ተለዩ።

ይህ ጽሑፍ ሲዘጋጅ ወንድ ልጃቸው እናቱን ምን ብሎ እንደሚጽፋቸው ጨነቀው። «የቀድሞ ባለቤታቸው» ቢል ከበደው። «የልጆቻቸው እናት» ቢል፣ እሳቸው «ለልጅ ብዬ ነው እንዴ ያን ሁሉ ኳስ የፈለግሁት?» አሉ። ቆይተው ግን «ባለቤታቸው ብለህ ጻፍ። ፍርድ ቤቱ ከጠየቀ እኔ እመልሳለሁ» አሉት።

ስለዚህ ጋሽ ዝምታ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና ታናሽ እህታቸውን ትተው አልፈዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ መካከል ያሳርፍ፤ ለምንወዳቸው ለእኛም መጽናናቱን ያድለን።