አሥራ አንደኛው ቀረጻ

ለምወድሽ እትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? አንቺም፣ ባለቤትሽም፣ ያ ደረጃ በወጣሽ ቁጥር የሚያስቸግርሽ ጉልበትሽም እንዴት ናችሁ? ጉልበትሽን ከቤተሰብ ቆጥሬ የጠየቅኩት ባለፈው ስልክ ስንነጋገር ከባልሽ ይልቅ ስለ እሱ ብዙ ስላወራሽልኝ ነው። እኔ ደህና ነኝ። ከስታለች ቢሉሽ እንዳታምኚ። ካሜራ ሰው ያወፍራል እያሉ እራቴን ሲያስቀንሱኝ ከረሙ፤ ቀረጻው ስላለቀ አሁን የቀረብኝን ሁሉ እያካካስኩ ነው።

የምጽፍልሽ በስልክ አልሆንልሽ ስላለኝ ነው። ሦስት ጊዜ ደውዬ፣ ሦስቴም ስለ ጉልበትሽ ጠይቄ ዘጋሁት። አፌ ላይ ይመጣና ይመለሳል። አንቺ ደግሞ የሒሳብ አስተማሪ ነሽ፣ አሠራሩን ሳታዪ መልስ ብቻ ብነግርሽ ማርክ አትሰጪኝም። ስለዚህ ከሥር ከመሠረቱ ልጀምርልሽ፣ አንቺም እንደ ድሮው ታገሺኝ። ተዋናይ እሆናለሁ ስል ቤቱ ሁሉ ሲስቅብኝ ስክሪፕት ይዘሽ ያስጠናሽኝ አንቺ ነሽ። የፍቅረኛዬን ቃል የሒሳብ ጥያቄ እንደምታነቢ አድርገሽ ስታነቢልኝ እንዴት እንስቅ ነበር!

ዳይሬክተራችን ሃምሳን ያለፈች ደቃቃ ሴት ናት። በሌለችበት «ሹክ ባይዋ» ነው የምንላት። ከዚህ በፊት የሠራሁላቸው ዳይሬክተሮች ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ አልቅሺ፣ ጨምሪ፣ ኧረ በዛ ቀንሺ እያሉ እንደ ሬዲዮ ከፍ ዝቅ ያደርጉኝ ነበር። የዚችን ግን ድምጿን አትሰሚውም። ከወንበሯ ትነሳለች፣ መብራቱንና ገመዱን ተሻግራ ትመጣለች፣ ጆሮሽ ሥር አንድ ነገር ትልሽና ትመለሳለች። አጠገብሽ ላለው ደግሞ ሌላ ነገር። አንድ ቀን ባሌን ሆኖ ለሚሠራው ሰውዬ ሚስትህ የምትደብቅህ ነገር አለ ብላው፣ ለእኔ ደግሞ ዛሬ ደስ የሚል ቀን ነው፣ ሻይ ቅጂለት አለችኝ። ሰውዬው በብርጭቆው ጠርዝ ላይ እያጮለቀ ሲያየኝ ጊዜ ምን አጠፋሁ ብዬ እውነትም ተርበተበትኩ። ስክሪፕቱ ላይ የተጻፈው «ሚስት ትጨነቃለች» የሚል ብቻ ነው። መጨነቄን እንኳ ያወቅኩት ተቀርጾ ካለቀ በኋላ ነው።

ስሜት አታዝም። አንድ ቀን እዘኝ ብላኝ አታውቅም። የምታዘው ሥራ ነው፤ ሰሃን እጠቢ፣ መርፌ ውስጥ ክር አስገቢ፣ የጠፋ ቁልፍ ፈልጊ። ሀዘኑ ከፈለገ ራሱ ይመጣል ባይ ናት። ቀረጻ ሳይጀመር በፊት እኔንና ባል ተብዬውን በተከራየችው ቤት ውስጥ ሦስት ቀን ያለ ካሜራ አዋለችን። ሥራችን ዝም ብሎ መኖር ነበር። በሁለተኛው ቀን በሚያንጠባጥብ ቧንቧ ተጣልተን ተኮራረፍን፤ እሷ ጥግ ላይ ተቀምጣ ብርቱካን ትልጣለች።

የፊልሙን ታሪክ በደንብ አልነገርኩሽም። ሆነ ብዬ ነው። ስለ አንዲት እናት ነው ብዬሽ አለፍኩት። እትዬ፣ ልጇ ስለሞተችባት እናት ነው። መጨረሻው ላይ የልጇን ልብሶች ለሰው ልትሰጥ ታዘጋጃለች። ስክሪፕቱ ላይ አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው፤ «ልብሶቹን እያጣጠፈች ታለቅሳለች» ይላል።

እዚህ ላይ ወረቀቱን አስቀምጠሽ ውሃ መጠጣት ካሰኘሽ ጠጪ። እኔም ጠጥቼ ነው የተመለስኩት።

ማልቀስ እንደሆነ እችላለሁ። ከቲያትር ቤት ዘመኔ የያዝኩት ዘዴ አለኝ፤ ዓይኔን ሳላርገበግብ አፈጣለሁ፣ ጉሮሮዬን አነቅ አደርጋለሁ፣ ሠላሳ ሳልቆጥር ዱብ ዱብ ይላል። በመጀመሪያው ቀረጻ አወረድኩት። ሹክ ባይዋ መጣችና በጣም ጎበዝ፣ መጨረሻ ወንበር ላይ የተቀመጡትም አይተውታል፣ ካሜራው ግን እዚህ ነው ብላ የአፍንጫዬን ጫፍ ነካችኝ። አፈርኩ። «ታለቅሳለች» የሚለውን በእስክሪብቶ ሰረዘችውና አጣጥፊ፣ ሌላ ምንም አትሥሪ አለችኝ። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አምስተኛ። አንዴ ፈጠንሽ ትላለች፣ አንዴ ለካሜራው ብለሽ ነው የምታጣጥፊው ትላለች፣ አንዴ ያዘንሽ ለመምሰል ቀስ አልሽ ትላለች። ልብሱን በየቀረጻው እየፈታች ወደ ቅርጫቱ የምትመልሰው ልጅ እጇ ዛለ። እኔም በቃ አልችልም ወደ ማለቱ ደርሼ ነበር።

አንድ ነገር ግን ዘልዬብሻለሁ። ከዚያ ቀን ቀደም ብላ፣ ከቤትሽ አንድ የልጅ ልብስ ካለሽ አምጪና ቅርጫቱ ውስጥ ጨምሪ፣ የማን እንደሆነ ለማንም አትንገሪ፣ ለእኔም ቢሆን፣ ብላኝ ነበር። ከሁሉም ተዋናይ አንድ የቤቱን ዕቃ ትፈልጋለች፤ የራስሽን ዕቃ ስትይዢ እጅሽ መዋሸት ያቅተዋል ነው የምትለው። እኔም አምጥቼ ከሁሉም ልብስ ሥር ቀበርኩት፣ እንዳልደርስበት ብዬ። አሥሩንም ጊዜ ሳልደርስበት ካት ትላለች፣ እፎይ እላለሁ። በአሥራ አንደኛው ላይ ካት አላለችም። ልብሱ እያለቀ ሄደ፣ ዝም። ቅርጫቱ ባዶ ሊሆን ደረሰ፣ ዝም። እጄ ከሥር ያለውን አወጣ።

ቢጫዋ ሹራብ ናት፣ እትዬ። የድንቡሼ።

ይኸው የልጅሽን ስም ጻፍኩት። ሦስት ዓመቷን ሳትደፍን በአራት ቀን ትኩሳት ካመለጠችን ወዲህ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ በቤታችን ያልተጠራ ስም ነው። ልብሶቿን ጠቅልለሽ ለሕፃናት ማሳደጊያው አድርሺልኝ ብለሽ ስትሰጪኝ፣ መንገድ ላይ ፈትቼ አንዷን አስቀረሁ። ለምን እንደሆነ እንጃ። ሁሉም ሲሄድ አንጀቴ አልችል አለ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከሻንጣዬ ሥር ናት። ሌባ በይኝ፣ ይገባኛል።

ግን ከዚህ የባሰ አለብኝ። ያን ቀን ልብሶቹን ስታጣጥፊ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። እኔ ሻይ ይዤልሽ መጥቼ ነበር፣ አላየሽኝም። ሹራቧን አነሳሽ። አንገትጌው ላይ የፈሰሰውን የሽሮፕ እድፍ አየሽና አውራ ጣትሽን በምራቅሽ አርሰሽ ማሸት ጀመርሽ። «ደፋሽው አይደል? እንግዲህ እንዴት ይሻልሽ?» አልሻት። ተቆጥተሽ ነበር፤ እሷ የምትስቅበት የውሸት ቁጣሽን። ከዚያ ቁልፎቿን ከታች ጀምረሽ እስከ ላይ ቆለፍሽላትና፣ እንዳይጠብቃት አንገትጌው ውስጥ ጣትሽን ሰደድ አድርገሽ ለካሽ።

መግባት ነበረብኝ። ሻዩን መሬት ጥዬ ማቀፍ ነበረብኝ። እኔ ግን ቆሜ እጆችሽን አየሁ። ያኔ የቲያትር ትምህርት ሁለተኛ ዓመቴ ነው፤ ሰው ተመልከቱ፣ የሰው እጅ ተመልከቱ ሲሉን ነበር የሚውሉት። እትዬ፣ ልክ እንደ ትምህርት ነው ያየሁሽ። አውራ ጣቷ፣ ከዚያ ቁልፉ፣ ከዚያ አንገትጌው እያልኩ በልቤ ያዝኩት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከራሴ ጋር አልታረቅኩም።

በማግስቱ እማዬ ሊያጽናኑን በመጡት ሴቶች መሀል ምን እንዳለች አንቺም ታውቂያለሽ። ግድግዳው ስስ ነው፣ ሰምተሻል። አንድ ዘለላ እንባ አላወጣችም፣ ይቺ ልጄ አንጀቷ ድንጋይ ነው አለች። እኔ እዚያው ብርጭቆ እሰበስብ ነበር። አንድ ቃል ብተነፍስ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ግን ያየሁትን ለማውጣት ቆሜ ማየቴንም ማውጣት ነበረብኝ፣ ስለዚህ ብርጭቆዬን ይዤ ወጣሁ። ከዚያ አንቺ ሥራ ቀይረሽ ሩቅ ከተማ ገባሽ። ከእማዬ ጋር በወር አንዴ ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ ተባብላችሁ መዝጋት ሆነ። ሰው ሁሉ በርቀቱ ያመካኛል፣ እኔ ግን ምክንያቱን ይዤ ስድስት ዓመት በላሁ፣ ጠጣሁ፣ ተኛሁ።

እና በአሥራ አንደኛው ቀረጻ እጄ የአንቺን እጅ ሠራ። እድፉን አሸሁ፣ ተቆጣሁ፣ ቆለፍኩ፣ ጣቴን አስገብቼ ለካሁ። ቃልሽንም እንዳለ አልኩት። እኔ አላለቀስኩም። ያለቀሰው ካሜራ ማኑ ነው፣ ባል ተብዬውም ግቢ ወጥቶ ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ። ሲያልቅ ሰው አጨበጨበ፣ እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ ጭብጨባውን ተቀበልኩ። ሹክ ባይዋ ከየት አመጣሽው ስትለኝ ዝም ብሎ መጣልኝ አልኳት።

እንዲህ ሆኜ ልቀጥል ነበር። ግን አንቺ ደውለሽ ለፊልሙ ምረቃ አዲስ ጫማ ገዝቻለሁ፣ ለእኔና ለባሌ የፊት ወንበር ያዢልን ስትይኝ ነው የባነንኩት። ጨለማ አዳራሽ ውስጥ፣ ከማታውቂው ሰው ሁሉ ጋር፣ ሳትዘጋጂ ራስሽን ልታዪ ነው። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

በማግስቱ ኤዲቲንግ ክፍሉ ድረስ ሄጄ ለዳይሬክተሯ ሁሉንም ዘረገፍኩላት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። ደረጃው ላይ ቁጭ አለችና ጠርጥሬ ነበር አለችኝ። ከየት አመጣሽው ብዬ ስጠይቅሽ በልቤ እንዳትነግሪኝ እየለመንኩ ነበር፣ ብትነግሪኝ ቆርጬ ለመጣል እገደዳለሁ ብዬ ፈራሁ አለች። በዚህ ሥራ ሠላሳ ዓመት ሰውን ከውስጥህ አውጣ እያልኩ፣ ያወጣው የማን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም አለች። ራሷን ነው የወቀሰችው። ከዚያ ተነስታ ቀሚሷን አራገፈችና እህትሽን ጠይቂ፣ እምቢ ካለች አሥረኛውን እናስገባለን አለችኝ። ኤዲተሩ አሥረኛው እኮ የሞተ ነው ሊል ሲል በዓይኗ አስቆመችው። እስከ ወሩ መጨረሻ ትጠብቅሻለች።

እና ጥያቄዬ ይኸው ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ እንዲቆረጥ አልፈልግም። በዕድሜዬ ከሠራሁት ሁሉ ጥሩው እሱ ነው፣ እሱም የእኔ አይደለም። አውጡት ካልሽ ግን ይወጣል፤ ለምን ብዬ አንድ ቀን አልጠይቅሽም፣ ቅር ብሎኝም አታዪኝም። ይቆረጥ የምትል አንድ ቃል ትበቃኛለች። ከቆረጥነውም በአዲስ ጫማሽ መጥተሽ የፊት ወንበር ትቀመጫለሽ።

ለፊልሙ አስፈቀድኩሽ። ሳላስፈቅድሽ ያደረግኩት አንድ ነገር ግን አለ። እሁድ ለታ ለእማዬ ነገርኳት። በዚህስ ፈቃድ አልጠየቅኩሽም፣ ስድስት ዓመት ዘግይቼበታለሁና። ልብስ እየተኮሰች ነበር። ካውያውን አንስታ ከሶኬቱ ነቀለችው። ከመጀመሪያው ድገሚልኝ አለች፣ ደገምኩላት። በየትኛው እጇ ነው ያሸችው አለች፣ በቀኟ አልኳት። ምን ነበር ያለቻት አለች፣ ነገርኳት። ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ፤ ሹክ ባይዋ እንኳ እንደዚያ አላለፋችኝም። ከዚያ ሹራቧን አምጪልኝ አለች። ጭኗ ላይ ዘርግታ ብዙ ከቆየች በኋላ፣ «እኔ እኮ እዚያው ቀጥሎ ካለው ክፍል ውስጥ ነበርኩ» አለች።

እትዬ፣ እወድሻለሁ። ይህን በስልክ ብልሽ ምን ሆነሻል ትይኛለሽ፣ በወረቀት ግን አትችይም። ጉልበትሽን ይማርልሽ፣ ባለቤትሽን ዕድሜ ይስጥልሽ፣ ተማሪዎችሽን ልብ ይስጥልሽ። የድንቡሼን ስም ሳንፈራ ለመጥራት ያብቃን።

ደብዳቤውን በፖስታ ልልከው አድራሻሽን ሁሉ ጽፌ ነበር። እኔ እወስደዋለሁ ያለችው እማዬ ናት። አውቶቡስ እንደሚያዞራት ታውቂያለሽ፣ ያንቺንም ደጅ ረግጣው አታውቅም። በሩን ስትከፍቺላት ምን ብላሽ እንደገባች አላውቅም፤ ምናልባት ወረቀቱን ብቻ ሰጥታሽ ይሆናል። የምትልሽን ቃል እንዳስጠናት ለምናኝ ነበር፣ እኔ ነኝ እምቢ ያልኳት። ምንም አትበያት፣ ሹራቧን ይዘሽ ሂጂና አጠገቧ ተቀመጪ አልኳት። አንብበሽ እስክትጨርሺ እየጠበቀችሽ ነው። ቀና በይና እያት።

ታናሽ እህትሽ