በሰይድ ፈንታ የመለስኩት

ሰኞ፣ ኅዳር 8፣ ጠዋት 1፡20

ቁርስ አልበላሁም። የዛሬ፦ የግፊት ኪኒን፣ የሱቁ ቁልፍ፣ የሀያት ት/ቤት ስብሰባ፣ ሰይድ። ሰይድን መጨረሻ የጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። ደብተሬ፣ አንቺን አልዋሽም።

ከጅማ ለሕክምና መጥቷል። በወጣትነታችን ጫካ ውስጥ፣ ግንድ የሚቆረጥበት ካምፕ፣ አንድ መጋዝ በሁለት ጫፍ ይዘን የሠራን ጓደኛዬ ነው።

ከሰዓት 10፡30

ፒያሳ ኬክ ቤት ተገናኘን። ልጄ ሀያትም አብራኝ መጣች። ሰይድ እያነከሰ ገባ። «አንተ ቀጫጫ! ሆድ አወጣህ? ያኔ እኮ መጋዙ ነበር አንተን የሚጎትትህ!» አለኝ። ሀያት በሳቅ ሞተች። ካምፑን አወራላት። የቆርቆሮ ዳስ። የማይደርቅ ብርድ ልብስ። አንድ ዝግባ ሲቆርጡ ቀኑን ሙሉ መዋል።

«እግርህንስ ምን ሆነህ ነው?» አለችው። «ዛፍ ወድቆብኝ፤ የራሴ ጥፋት ነው» አላት። «ከዚያ ወዲህ አፌን አላምነውም፤ ሚስቴ በሩን ዘጋህ ወይ ስትለኝ አዎ ብዬም ተነስቼ አያለሁ።»

ማኪያቶዬ ቀዘቀዘ። ሒሳብ ልክፈል ብዬ ተነሳሁ።

ማክሰኞ፣ 9

ሱቅ ተቀምጬ ምንም አልሠራሁም። ልጻፈው።

ዛፉ ሊወድቅ ሲል አለቃችን ካቦው «ከሥሩ ወጣችሁ?» ብሎ ይጮሃል። ግንዱ ወፍራም ነው፣ ማዶ ያለው ሰው አይታይም። ሁሉም በየራሱ አፍ «ወጣሁ» ይላል። ለሌላ ሰው መመለስ ክልክል።

የዚያን ቀን ዝናብ ነው። ሰይድ ውሃ ሊቀዳ የወረደ መሰለኝ። ቸኮልኩ። ድምፄን ወፈር አድርጌ በእሱ ፈንታ መለስኩ። ለካ ዛፉ ሥር መጥረቢያውን ሊያነሳ ጎንበስ ብሎ ኖሯል።

ዛፉ እግሩ ላይ ወደቀ፤ ራሱን ስቶ ነበር። ሲነቃ ካቦው «ወጣሁ ብለህ ተመልሰህ ገባህ» አለው። አመነ። እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ሳልነግረው ሠላሳ ምናምን ዓመት!

ረቡዕ፣ 10፣ ከሰዓት 9፡00

ሰይድ ነገ ጅማ ይመለሳል። አፍንጮ በር እህቱ ቤት ነው ያረፈው። ደወልኩለት። ስለ መድኃኒቱ አውርተን ዘጋሁ። ፈሪ።

ሀያት ምን ሆነሃል አባ አለችኝ። ነገርኳት፣ ሁሉንም። ታቅፈኛለች ብዬ ነበር። «ለእኔ ብትነግረኝ ምን ያደርጋል? ለእሱ ንገረው እንጂ» ብላ ጃኬቴን አቀበለችኝ።

የምለውን ጻፍኩ። 1ኛ፣ ዝናብ ነበር። ሰረዝኩት። 2ኛ፣ ልጆች ነበርን። ሰረዝኩት። 3ኛ፣ ካቦው ነው። እሱንም።

የቀረው፦ ሰይድ፣ ያኔ «ወጣሁ» ብለህ የመለስከው አንተ አይደለህም፤ እኔ ነኝ።

ይቺን ብቻ ይዤ እሄዳለሁ። አሁን።